በጋሼ ባት ውስጥ የቀረችው ስንጥር

ይህን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። «ስሜን ተወው እንጂ ሌላውን ሁሉ ጻፍ» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ 53 ዓመታቸው ነው። ጅማ ውስጥ በርጩማ ይሠራሉ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ማለቴ ነው። ስኳርም ደም ግፊትም የለባቸውም። ጎረቤቴ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ደም፣ ሽንት፣ አክታና መግል ማየት እንጀራዬ ነው። የእሳቸውን ቁስል ግን ገና ሲጀምር በዓይኔ አይቼው በደንብ ሳልጠይቅ አልፌዋለሁ። ጉዳዩ እስካሁን የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

ቅዳሜ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ለሰከንድ አያባራም። ጋሼ ሱቃቸው በር ላይ ቁጭ ብለው፣ የዋንዛ ግንድ በሁለት እግራቸው መሃል አጣብቀው በመሮ ይፈለፍላሉ። ግንዱ ርጥብ ነበር። መሮው አዳለጠና ሱሪያቸውን በስቶ ግራ ባታቸው ውስጥ ገባ። የቁስሉ አፍ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ውስጥ ግን ጠለቅ ይላል።

ደሙ ፈሰሰ። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ እንደ ልማዱ የተፈጨ ቡና ቁስሉ ላይ ነሰነሱ። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ደሙ ቆመ። ሁሉም ሰው ቡናው አቆመው አለ።

ደሙን ያቆመው የእትዬ እጅና የጋሼ የራሳቸው ደም ነው። የተቆረጠው የደም ሥር ወዲያው ይኮማተራል። ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቀዳዳው ላይ ይከመራሉ። ፋይብሪን የሚባል ክር ደግሞ እንደ መረብ ይደራባቸዋል። ይህ መረብ ደም ከማቆም ሌላ ሥራም አለው፤ የገባውን ባክቴሪያ ባለበት ይይዘዋል።

ባክቴሪያውማ ገብቷል። ከመሮው፣ ከሱሪው፣ ከግንዱ፣ ከራሳቸው ቆዳ። ቁስል በማመርቀዝ የታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከ10 ሰው በ3ቱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ በሰላም ይኖራል። ቆዳ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አያመጣም። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ደረቅና የሞተ ነው፤ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ከሥሩ ያሉት የቆዳ ሴሎችም ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖች ያመነጫሉ። መሮው ይህን ሁሉ በአንድ ምት አለፈው።

ከቆዳው ሥር ግን ሁልጊዜ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። ማክሮፌጅና ማስት ሴል ይባላሉ። እነዚህ ባክቴሪያውን በስም አያውቁትም። የሰፈር ዘበኛ ሌባውን በስም ያውቀዋል እንዴ? ሌሊት በአጥር ሲዘል ካየው ይበቃዋል። እነሱም የሚያውቁት የባክቴሪያን ሽፋን ነው፤ የሰው አካል የማይሠራውን ዓይነት ነገር። ይህን የሚዳስሱበት መቀበያ ቶል ይባላል። መጀመሪያ ነገሩ የተስተዋለው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። ጁልስ ሆፍማንና ብሩስ ቦይትለር በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ኖቤል ተሸልመዋል። ከተወለድን ጀምሮ አብሮን ያለው፣ ትምህርት የማያስፈልገው መከላከያ የሚባለው ይህ ነው።

እሑድ

እሑድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ገባሁ። እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ባታቸው አብጧል፤ ከእስሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ስነካው ይሞቃል። «ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ይሄ ብግነት ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውነትዎ እየተዋጋ ነው።»

ውሸት አልነበረም። መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ ማመም፤ ሮማዊው ሴልሰስ እነዚህን አራቱን የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ጽፏቸዋል። አራቱንም የሚያመጣው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን በአብዛኛው የእኛው ሰውነት ነው። ማስት ሴሎች ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም ይመጣል። መቅላትና መሞቁ ከዚያ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ ይሳሳል፤ ውሃና ፕሮቲን ወደ ሥጋው ይፈሳል። ማበጡ ከዚያ ነው። ሕመሙ የሚመጣው እብጠቱ ነርቭን ሲጫን፣ ፕሮስታግላንዲንና ብራዲኪኒን የሚባሉት ኬሚካሎች ደግሞ ሲቆሰቁሱት ነው።

ከሚፈሰው ፕሮቲን መካከል ኮምፕሊመንት የሚባለው ቡድን አለ። ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ናቸው። ባክቴሪያው ላይ ይለጠፉና «ይሄን ብሉት» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ከእነሱ የሚቆረጡ ቁራጮች ደግሞ በደም ተበትነው ኒውትሮፊሎችን ይጠራሉ።

ኒውትሮፊል የምወደው ነጭ የደም ሴል ነው። በየቀኑ ደም ስመለከት በብዛት የማየው እሱን ነው። መቅኒያችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። ደም ውስጥ ሲዞር ይቆይና ጥሪ ሲሰማ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ ይጣበቃል። ከዚያ ራሱን አጥብቦ በሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣል። በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ባክቴሪያውን ይውጠዋል፤ ውስጡም በረኪና ይሠራበታል። ለማሳመር ያልኩት አይደለም። ሴሉ ከኦክስጂን ተነስቶ የሚሠራው ሃይፖክሎረስ አሲድ፣ በረኪና ጀርም የሚገድልበት ያው ነገር ነው።

እና ለጋሼ ያልኩት እውነት ነው። ግን ግማሽ ነው። እስሩን አልፈታሁትም። «በውሃ ታጥቧል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ቡና እንዳለበት እንኳን ያወቅሁት ረቡዕ ነው። ብግነት ማለት ሰውነት ሥራ ጀመረ ማለት እንጂ አሸነፈ ማለት አይደለም። ይህን እያወቅሁ ነው ቡናዬን ጠጥቼ የሄድኩት።

ሰኞና ማክሰኞ

ማስታገሻ ተገዛ፤ ዳይክሎፌናክ። ሕመሙን አለዘበው። ትኩሳትም ከነበረ አብሮ ዝቅ አድርጎታል፤ ይህን ኋላ ላይ ነው የተረዳነው። ሰኞ አንድ ወዳጃቸው የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ አደረጉላቸው። ዱቄቱ ከደምና ከቡናው ጋር ተጋግሮ የቁስሉን አፍ ዘጋው። ማክሰኞ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ። ማታ ብርድ ብርድ አላቸው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸ። እኔ ሁለቱንም ቀን ተረኛ ነበርኩ።

ስለ ንፍፊቱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ሌላ በሽታ ይመስለዋልና። ከእግር የሚመለሰው የሊምፍ ፈሳሽ ብሽሽት ላይ ባሉ ዕጢዎች በኩል ያልፋል፤ እዚያ ይጣራል። ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎችም ከቁስሉ የባክቴሪያ ቁራጭ ይዘው እዚያ ይደርሳሉ። «እንዲህ ዓይነት ነገር መጥቷል» ብለው ቲ እና ቢ ለሚባሉት፣ ጠላትን ለይተው ለሚማሩት ነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ። እነዚያ ተምረው እስኪባዙ ግን ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ጦርነቱ የኒውትሮፊልና የማክሮፌጅ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ና እስቲ እየው። ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ» አሉኝ።

እስሩን ፈታሁት። ሽታው ቀድሞ መጣ። መቅላቱ የእጅ መዳፍ ያህል ሰፍቷል። መሃሉ ላይ ሲጫኑት የሚረግብ ነገር አለ፤ መግል ቋጥሯል። ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሙቀታቸው 38.7፣ የልብ ምታቸው 106። የደም ግፊታቸው ደህና ነው። ነጭ የደም ሴላቸው 15,800፤ ከዚህ ውስጥ 86 በመቶው ኒውትሮፊል። ለአዋቂ ሰው ከ4,000 እስከ 11,000 ነው የሚጠበቀው። ስኳራቸው ተለካ፤ ትክክል ነው። ይህን መለካት ተገቢ ነበር። ስኳር ከፍ ሲል ኒውትሮፊል መንቀሳቀሱም መዋጡም ይደክማል። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው አንዳንዴ መጀመሪያ የሚነቃው በእንዲህ ዓይነት ቁስል ነው።

ትኩሳቱም ቢሆን የሰውነት ሥራ ነው። ማክሮፌጆች ለሰፈሩ ብቻ አይጮሁም። ኢንተርሉኪን እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ መልእክተኞቻቸው በደም አድርገው አንጎል ይደርሳሉ። አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ይላል። ሰውነት 37 ላይ ሆኖ ሳለ አንጎል 39 ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንንቀጠቀጣለን። ብርድ ብርድ የሚለን ለዚህ ነው። ጉበትም ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል፤ መቅኒም ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎችን ሳይቀር ይልካል።

ነርሷ አንድ ነገር አደረገች፤ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ የምነግረው ነው። እስክሪብቶ አወጣችና የመቅላቱን ዳር ዳሩን አሰመረችው። ሰዓቱንም ጻፈችበት። «ነገ መቅላቱ ከዚህ መስመር ካለፈ እየተሸነፍን ነው፤ ከሸሸ ደህና ነው» አለቻቸው። እሑድ እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው። መቅላቱን አየሁ፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን አላየሁም። ከቁስሉ ወደ ላይ ወደ ጭን የሚወጣ ቀይ መስመር ቢኖር ደግሞ ያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላኩ ነበር። አልነበረም።

ጤና መኮንኑ አደንዝዞ ከፈተው። መግሉ ወጣ፤ ብዙ ነው፤ ወፍራም፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ። አረንጓዴነቱ በረኪናውን የሚሠራው የኒውትሮፊሉ ኤንዛይም ቀለም ነው። መግል ማለት በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው። የተጋገረ ቡናም አብሮ ወጣ። ውስጡን በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውሃ ማለት ነው፣ ደጋግሞ ሲያጥበው ፒንሰቱ አንድ ነገር ያዘ፤ የዋንዛ ስንጥር። የክብሪት እንጨት ግማሽ ታክላለች።

ጋሼ አዩዋት። ምንም አላሉም።

መርፌም ተወጉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ይህ ከመግሉ ጋር አይገናኝም፤ ግን መታለፍ የሌለበት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር የሌለበት ጥልቅ ቁስል ይስማማዋል። መርዙ እጅግ በጣም ጥቂት ሆኖ ይገድላል፤ ከጥቂትነቱ የተነሳ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳን አይከላከልለትም። ቁስሉ ላይ ብግነት ሳይታይም ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ተፈጥሯዊው መከላከያ አያድንም፤ ክትባት ብቻ ነው።

በማይክሮስኮፑ ሥር

ከመግሉ ትንሽ ስላይድ ላይ ቀባሁና ባክቴሪያን ለመለየት በሚረዳው፣ ግራም በሚባለው ቀለም ነከርኩት። መጀመሪያ ያየሁት ኒውትሮፊሎችን ነው፤ ሜዳውን ሞልተውታል። ኒውክለሳቸው በክር እንደተያያዘ ዶቃ ሦስት አራት ቦታ የተከፈለ ነው። ብዙዎቹ ፈራርሰዋል። በመካከላቸው ሐምራዊ ነጠብጣቦች፣ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ። አንዳንዶቹ ዘለላዎች ኒውትሮፊሉ ሆድ ውስጥ ናቸው።

ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ አልተሠራም፤ ስለዚህ ይህ እርግጠኛ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው ብዬ አልጽፍም። ስታፊሎኮከስ መሆኑን ግን መልኩ ይናገራል። ስሙም ከወይን ዘለላ ነው፤ በግሪክኛ። አሌክሳንደር ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 ከበሽተኛው እግር ያወጣውን መግል በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው ያገኘው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በኋላ ጅማ ላይ ያው ዘለላ፣ ያው መግል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኒውትሮፊል እያለ ለምን አልተቻለም? ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሆነ መልሱ ግማሹ ባክቴሪያው ዘንድ ነው። ፋይብሪን አስረግቶ በዙሪያው አጥር ይሠራል። ኒውትሮፊልን የሚበሳ መርዝ አለው። ወርቃማ ቀለሙ እንኳን ለጌጥ አይደለም፤ የኒውትሮፊሉን በረኪና ያከሽፍበታል። ግማሹ መልስ ግን ስንጥሯ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ስቲቨን ኤሌክ የሚባል ሐኪም በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሞክሮት ነበር። ጤነኛ ቆዳ መግል እንዲቋጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ስታፊሎኮከስ ያስፈልጋል። አንድ የሐር ክር አብሮ ከገባ ግን መቶ ገደማ ይበቃል። መቶ! ክር ይህን ካደረገ ስንጥርና የቡና ዱቄት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አስቡት። ኒውትሮፊል እንጨት መዋጥ አይችልም። ባክቴሪያው እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ይደበቃል፤ ኒውትሮፊሉም እንጨቱ አጠገብ በረኪናውን አፍስሶ ይሞታል።

ሰኞ የተነሰነሰው ካፕሱል ለምን እንዳልሠራም ከዚህ ይገባል። በቋጠረ መግል መሃል ደም አይደርስም። በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እንኳን ወደዚያ በደንብ አይገባም፤ ላይ ላዩን የተረጨ ዱቄትማ ከየት ይደርሳል? መጀመሪያ መከፈት አለበት።

ስላይዱን እያየሁ ሳይንቲስቱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ላይ ነው። የኮከብ ዓሣ እጭ መስታወት መስላ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። የጽጌረዳ እሾህ ወጋባትና አደረ። ጠዋት ሲያያት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾኹን ከበውታል። ሴሎች ባዕድ ነገር ሊውጡ እንደሚሄዱ ያሰበው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር ኖቤል አገኘበት። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ለፈተና አጥንቼዋለሁ። የጋሼን ስንጥር እስካይ ድረስ ግን አንድ ነገር ልብ አላልኩም። ሴሎቹ እሾኹን ከበቡት እንጂ አላወጡትም።

ከዚያ በኋላ

ክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው፤ 500 ሚሊ ግራም በቀን አራት ጊዜ። እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲተኙ ተነገራቸው። ሐሙስ ጠዋት መቅላቱ ከእስክሪብቶው መስመር ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ሸሽቶ ነበር። ሙቀታቸው 37.4። አርብ እንጀራ በሉ።

ጋሼን ያስጨነቃቸው ቁስሉ አለመሰፋቱ ነው። «ከፍተው ተዉኝ እኮ! ለምን አይሰፋም?» ይሉ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። የተረፈ ባክቴሪያ እያለ አፉ ከተሰፋ እንደገና ይቋጥራል። ከሥር ወደ ላይ እየሞላ እንዲመጣ ይተዋል፤ በየቀኑ በሳላይን ይታጠባል፤ በሳላይን የራሰ ጎዝ ይሞላበታል።

አንድ ቀን ደግሞ «በረኪና ብናፈስበትስ? ሴሉም በረኪና ይሠራል አላልክም?» አሉኝ። ጥያቄውን ወደድኩት። ኒውትሮፊሉ በረኪናውን የሚሠራው በዋናነት ባክቴሪያውን በዋጠበት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። እኛ ስናፈስ ግን ባክቴሪያውንም፣ የሚያድነውን ሴልም፣ አዲሱን ሥጋም አብረን እናቃጥላለን። ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ ኖሮ ግን ብዙ ይረዳ ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። የቡናው ነገር የልማድ እንጂ የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ፣ ጥብቅ አድርገው ማሰራቸውም ደሙን እንዳቆመ ነገርኳቸው። እሑድ ስለ ውሃው ሳልጠይቅ የሄድኩት እኔ እንደሆንኩም ጨመርኩላቸው።

በስምንተኛው ቀን ከቁስሉ ሥር ቀይ፣ ፍሬ ፍሬ ያለው ሥጋ ታየ። ይህን ያመጣው ሌላ ሥራ ነው። ኒውትሮፊሎች ሥራቸውን ሲጨርሱ በሥርዓት ይሞታሉ። ማክሮፌጆች ሬሳቸውን ይውጣሉ። መዋጡ ራሱ ጠባያቸውን ይለውጠዋል፤ ጩኸታቸውን ያቆሙና አዲስ የደም ሥርና አዲስ ክር እንዲበቅል የሚያዙ መልእክተኞችን መልቀቅ ይጀምራሉ። ረቡዕ ዕለት ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ስንጥሯ እስካለች ድረስ ጥሪው አይቆምም፤ ኒውትሮፊልም መምጣቱን አያቆምም።

ቁስሉ በ26ኛው ቀን ተዘጋ። ባታቸው ላይ አውራ ጣት የምታክል ጎድጓዳ ቀርታለች። ስንጥሯን እትዬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጠዋታል። ንፍፊቱ ግን አተር አክሎ ቆየ። አያምም፤ ሲነኩት ይንሸራተታል። ጋሼ ባገኙኝ ቁጥር «አሁንም አለ እኮ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። መስቀል ሲደርስ በጣታቸው ፈልገው አጡት።